ከግሪክኛ ከመጡ የሴት ልጅ ስሞች የትኛውን እንምረጥ? የትርጉም፣ የምንጭና የአጠራር ንጽጽር

ለሴት ልጅ ስም የሚፈልግ ሰው የስም ዝርዝር ሲያገላብጥ ከእያንዳንዱ የግሪክኛ ስም ጎን አንድ ቃል ትርጉም ያገኛል። ሶፍያ «ጥበብ»፣ ሄለን «ብርሃን»፣ ካትሪን «ንጽሕት»፣ ቫኔሳ «ቢራቢሮ» ይባላል። አራቱም እኩል የታወቁ መስለው ይቀርባሉ። የሶፍያ ትርጉም በእርግጥ ምንም ጥርጥር የለበትም። የሄለን ግን ግምት ነው፤ የካትሪን ስሙ ከወጣ በኋላ የተለጠፈበት ነው፤ ቫኔሳ ደግሞ ጨርሶ ግሪክኛ አይደለም። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ «ስምሽ ምን ማለት ነው?» ስትባል የምትሰጠው መልስ ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት ከመምረጥ በፊት ማወቅ ያሻል።

ስለዚህ በቅድሚያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፤ ከዚያ ስሞቹን በየቡድናቸው እንፈትሻለን።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው የትርጉሙ እርግጠኝነት ነው። የግሪክኛ ስሞች በዚህ ረገድ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ተራ የግሪክኛ ቃላት ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሕይወት ወይም ሰላም የሚለውን ስም ሲሰማ ትርጉም እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ግሪካዊም ዞኢ ወይም ኢሪኒ ሲባል ቃሉን ያውቀዋል። ሌሎቹ ከሁለት የታወቁ ቃላት የተገጣጠሙ ናቸው፤ ሁለቱን ክፍሎች መለየት ከተቻለ ትርጉሙ ይገኛል። ሦስተኞቹ በጣም ያረጁ ወይም ከሌላ ቋንቋ የገቡ በመሆናቸው ምንጫቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእነዚህ አንድ ቃል ትርጉም የሚሰጥ ዝርዝር ከግምቶቹ አንዱን መርጦ እንደ እውነት የሚያቀርብ ነው።

ሁለተኛው ስሙ ይዞት የሚመጣው ታሪክ ነው። ፓንዶራ ቃል በቃል «ሁሉን የተሰጠች» ማለት ነው፤ ያማረ ትርጉም ነው። ስሙን የሚሰማ ሰው የሚያስበው ግን መከራን ሁሉ ከማሰሮ የለቀቀችውን ሴት ነው። ትርጉምና ታሪክ ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ታሪኩ ነው።

ሦስተኛው አጠራር ነው። ግሪክኛ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ሲነገርና ሲጻፍ የኖረ ቋንቋ ስለሆነ ድምፆቹ ተለውጠዋል። ጥንት ረዘም ያለ «ኤ» የነበረው አናባቢ ዛሬ «ኢ» ነው፤ «ኦይ» የነበረውም «ኢ» ሆኗል፤ «በ» የነበረው ተናባቢ ወደ «ቨ» ዞሯል። በዚህ ላይ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ስሞቹን በላቲን በኩል ስለወሰዷቸው የራሳቸውን ለውጥ ጨምረዋል። የዚህ ሁሉ ውጤት በአንድ ስም ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል፦ ጥንት ፎይቤ፣ በዛሬው ግሪክኛ ፊቪ፣ በእንግሊዝኛ ፊቢ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ፌቤን። አራቱም አንድ ስም ናቸው። ወላጅ ስምን ብቻ ሳይሆን የስሙን መልክም መምረጥ አለበት።

አራተኛው አጻጻፍ ነው። ከድሮ ትርጉሞች የመጡ የግሪክኛ ስሞች ብዙውን ጊዜ በቀ፣ በጠና በጰ ይጻፋሉ፤ ጴጥሮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ ቆርኔሌዎስ እንደምንለው ማለት ነው። በቅርብ ዘመን የገቡት ግን በከ፣ በተና በፐ ይጻፋሉ፤ ካትሪን፣ ፔኔሎፒ እንደሚባለው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግር የሚመጣው አንዱን ስም ቤት ውስጥ በአንዱ፣ ሰነድ ላይ በሌላው ሲጽፉት ነው።

ቁልምጫም አለ፤ ረጅም ስም አጭር ቁልምጫ ይፈልጋል። በዚህ በኩል አሌክሳንድራና ካትሪን ባለጸጋ ናቸው፤ ዞኢ ግን ራሷ አጭር ስለሆነች ቁልምጫ አያሻትም።

ቃሉ ራሱ ስም የሆነባቸው

ሶፍያ። «ጥበብ» የሚለው ትርጉም ፍጹም አስተማማኝ ነው። ቃሉ ዛሬ የያዘውን ትርጉም ከመያዙ በፊት የእጅ ሙያን ይገልጽ ነበር፤ በጥንታዊው የግሪክ ጀግኖች ግጥም ውስጥ ሶፊያ የተባለው መርከብ የሚሠራ አናጢ ብልሃት ነው። ወደ አእምሮ ዕውቀትና ወደ ማስተዋል የሰፋው ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛው «ጥበብ» የእጅንም የአእምሮንም ችሎታ ስለሚያቅፍ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ለቃሉ የተስማማ ትርጉም ይሰጣል። በቁስጥንጥንያ በ537 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀችው ሐጊያ ሶፊያ «ቅድስት ጥበብ» ማለት ናት፤ የተሰየመችው ሶፍያ ለተባለች ሴት ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጥበብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል።

የሶፍያ ትልቁ ጥቅም በሁሉም ቋንቋ ሳይዛባ መጠራቱ ነው። ትልቁ ችግሩም ከዚያው ይመጣል፤ በብዙ አገር እጅግ የተለመደ ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሶፍያ መገናኘት አያስገርምም። ሌላው ጥንቃቄ ከዐረብኛው ሰፊያ ጋር መቀላቀሉ ነው። ሰፊያ ከንጽሕናና ከጥራት ጋር የተያያዘ ሌላ ሥር ያለው የራሱ ስም ነው፤ ድምፁ ስለተቀራረበ አንድ አይሆንም። ጸሐፊ በስሕተት አንዱን በሌላው እንዳይተካው ስሙን ሲያስመዘግቡ ሆሄ በሆሄ መናገር ያስፈልጋል።

ኢሪኒ ወይም አይሪን። «ሰላም» ማለት ነው። በግሪክ አፈ ታሪክ ኤይሬኔ ከሦስቱ የወቅቶች አማልክት አንዷ ናት፤ እኅቶቿ ዲኬ (ፍትሕ) እና ኤውኖሚያ (መልካም ሥርዓት) ናቸው። ሰላም ከፍትሕና ከሥርዓት ጋር የአንድ እናት ልጅ መሆኗ ስሙን ያከብደዋል። አቴናውያን በ4ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያቆሙላት ሐውልት ሕፃኑን ፕሉቶስን፣ ማለትም ሀብትን፣ ታቅፋ ያሳያታል፤ ሰላም ሀብትን ታሳድጋለች ማለታቸው ነው። ለሴት ልጅ ስም ከዚህ የተሻለ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ስም የምትታወቀው የቁስጥንጥንያ ንግሥት ከ797 እስከ 802 እ.ኤ.አ. ብቻዋን ገዝታለች፤ ሥልጣን የያዘችው ግን የገዛ ልጇን ዓይን አሳውራ ነው። ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህን ሊያነሳ ይችላል።

የስሙ ችግር መልኩ መብዛቱ ነው። ኢሪኒ (የዛሬ ግሪክኛ)፣ አይሪን (እንግሊዝኛ)፣ ኢሬን (ፈረንሳይኛ)፣ ኢሬና (የስላቭ ቋንቋዎች)፣ ኢሬኔ (ስፓንኛና ጣሊያንኛ) ሁሉም ይሠራባቸዋል። በላቲን ፊደል ደግሞ አይሪን፣ ኢሬንና ኢሬኔ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ ልጅቷ በሄደችበት ሁሉ አንባቢው በራሱ ቋንቋ ያነበዋል። ይህ የማያስጨንቃቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፤ የሚያስጨንቃቸው ካሉ ግን ኢሪና ወይም ኢሬና ይሻላቸዋል፤ መጨረሻው «ና» ስለሆነ የሚሳሳተው ሰው ይቀንሳል።

ዞኢ። «ሕይወት» ማለት ነው። ግሪክኛ ለሕይወት ሁለት ቃል አለው፤ ቢዮስ የሰውን ኑሮና አኗኗር፣ ዞኤ ደግሞ በሕይወት መኖርን ራሱን ይገልጻል። ዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክኛ ሲተረጎም በዘፍጥረት 3፥20 የሔዋን ስም ዞኤ ተብሎ በትርጉሙ ተጽፏል፤ «የሕያዋን ሁሉ እናት ናትና» የሚለው ሐረግ ለግሪክኛ አንባቢ ትርጉም እንዲሰጥ ነው። በዚህ መሠረት ዞኢ የሚል ስም የሚመርጥ ወላጅ ሔዋን የሚለውን ስም በሌላ ቋንቋ እየሰጠ ነው ማለት ይቻላል። በፊደል ዞኢ፣ ዞይ፣ ዞዊ እየተባለ ይጻፋል። ስሙ ሁለት ክፍለ ቃል መሆኑ እንዲታወቅ ዞኢ የሚለው ይሻላል፤ ዞይ ሲባል በአንድ ትንፋሽ ይጠፋል። በላቲን ፊደልም በሦስት ሆሄ፣ በሦስት ሆሄና በነጥቦች፣ ወይም በመጨረሻው ዋይ ተጨምሮ ይጻፋል፤ ባለሦስት ሆሄው ያለ ነጥብ በማንኛውም ኮምፒውተር ስለሚጻፍ ለሰነድ የሚመች እርሱ ነው።

አናስታሲያ። «ትንሣኤ»፤ ጥርጥር የለውም፤ አናስታሲስ ማለት መነሣት ነው። ቁልምጫው ናስትያ ወይም ታሲያ ይሆናል። ናታሻ የአናስታሲያ ቁልምጫ የሚመስላቸው አሉ፤ እርሱ የናታሊያ ነው፤ ናታሊያም የላቲን ስም ነው።

አጋታ «መልካም፣ ደግ» ማለት ነው፤ አግነስ ደግሞ ሐግኔ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን «ንጽሕት» ማለት ነው። አግነስን ከላቲኑ የበግ ጠቦት ቃል ጋር የሚያገናኙት በድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው፤ ሰማዕቷ አግነስ በሥዕል ከበግ ጋር የምትታየውም በዚህ ምክንያት ነው። «ንጽሕት» የሚል ትርጉም የሚፈልግ ሰው ወደ ካትሪን ከመሄዱ በፊት አግነስን ይመልከት።

ከሁለት ቃል የተገጣጠሙ

ቴዎዶራ እና ዶሮቴያ። ቴዎስ «እግዚአብሔር»፣ ዶሮን «ስጦታ» ነው። ሁለቱ ስሞች እነዚህኑ ቃላት ቦታ አቀያይረው የያዙ ናቸው፤ ትርጉማቸው አንድ ነው። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የሚያውቅ ሁሉ ቴዎዶራን ያውቃል፤ የእርሱ የሴት መልክ ናት። በቤተሰቡ ውስጥ ቴዎድሮስ የሚባል ሰው ካለና ስሙን ለሴት ልጅ ማስተላለፍ ከተፈለገ ከዚህ የቀረበ ምርጫ የለም። ዶሮቴያ በእንግሊዝኛ ዶሮቲ ሆናለች፤ ዶራ የሚለው ቁልምጫ ለሁለቱም ያገለግላል። በ548 እ.ኤ.አ. ያረፈችው የንጉሥ ዩስጢንያኖስ ሚስት ቴዎዶራ ከስሙ ባለቤቶች ሁሉ ታዋቂዋ ናት።

አሌክሳንድራ። አሌክሴይን «መከላከል»፣ አንድሮስ «የወንድ» ስለሆነ «ሰዎችን የምትጠብቅ፣ የምትከላከል» ማለት ነው። ብዙዎች ከታላቁ እስክንድር ስም የተወሰደ ይመስላቸዋል፤ የሴቷ ስም ግን ከእርሱ በፊት 900 ዓመት ገደማ በጽሑፍ ተገኝቷል። በሚኬኔ በተገኘ የ13ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሸክላ ጽላት ላይ አ-ሬ-ካ-ሳ-ዳ-ራ ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ እንደ እኛ ፊደል ተናባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚይዝ ሲሆን፣ የተፈታው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ጽላት ላይ ቴ-ኦ-ዶ-ራ የሚልም አለ። የሴት ስም ሆነው ዕድሜያቸው በዚህ ያህል የተረጋገጠ ስሞች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው።

አሌክሳንድራ ረጅም ነው፤ ሳንድራ፣ አሌክሲያ፣ ሳሻ፣ ሊክሲ እየተባለ ያጥራል። አሌክሳ የሚለውን ቁልምጫ ግን አንመክርም፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ የሚጠራ የድምፅ ረዳት መሣሪያ ስላለ፣ መሣሪያው ባለበት ቤት ልጅቷን በጠሩ ቁጥር የሚመልሰው እርሱ ይሆናል። አብረዋት የሚማሩ ልጆችም ስሟን እንደ ትእዛዝ ሊጠሩት ይችላሉ።

በርኒቄ እና ኤውንቄ። እነዚህ ሁለቱ ሊታወሱ ሲገባ የተረሱ ስሞች ናቸው። መጨረሻቸው ላይ ያለው ኒቄ ወይም ንቄ ግሪክኛው ኒኬ ነው፤ «ድል» ማለት ነው። ኤውንቄ «መልካም ድል» ነው፤ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5 የተጠቀሰችው የጢሞቴዎስ እናት ናት። በርኒቄ ደግሞ ፌሬኒኬ፣ ማለትም «ድል አምጪ» ከሚለው የመጣ ነው። መቄዶንያውያን ሌሎቹ ግሪኮች በ«ፐ» ትንፋሽ የሚጠሩትን ድምፅ «በ» ስለሚሉት ቤሬኒኬ ሆነ። በመቄዶንያውያን በኩል ወደ ግብፅ ነገሥታት ቤት ገባ። በ3ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የነበረችው ንግሥት በርኒቄ ባሏ ከጦርነት በሰላም እንዲመለስ ፀጉሯን ተስላ ሰጠች፤ ዛሬ በሰማይ ላይ «የበርኒቄ ፀጉር» የሚባል የከዋክብት ስብስብ አለ።

ቬሮኒካ የዚሁ ስም ሌላ መልክ ነው። «እውነተኛ ምስል» የሚለው የተለመደው ትርጉም የላቲን «ቬራ» እና የግሪክ «ኢኮን» ተጣምረው የተሰጠ የኋላ ዘመን ትርጓሜ እንጂ የስሙ መነሻ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 25፥13 ላይ ከወንድሟ ከንጉሥ አግሪጳ ጋር የመጣችው በርኒቄ ግን ለስሙ መልካም አርአያ አይደለችም፤ መጽሐፉን የሚያነቡ ዘመዶች እርሷን ያስባሉ። ይህ የሚያሳስብ ከሆነ ኤውንቄ ያለ ምንም እንከን በዚያው ትርጉም ትገኛለች።

ከተፈጥሮ የተወሰዱ

በዚህ ቡድን ትርጉሙ ሁልጊዜ ግልጽ ነው፤ የሚለያዩት በታሪካቸው ነው።

ክሎዊ አዲስ የበቀለ ለምለም ቡቃያ ማለት ነው፤ የእህል አምላክ የነበረችው ዴሜተር የምትጠራበት ቅጽል ነበር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥11 ላይ ቀሎዔ ተብሎ ይገኛል። በሁለቱ መልኮች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ቀሎዔ ብሎ አስመዝግቦ በላቲን ክሎዊ ብሎ መጻፍ ሰነድ አመሳክሮ ለሚያይ ሰው ሁለት ሰው ያስመስላል።

ሜሊሳ «ንብ» ነው፤ ከሜሊ፣ ማለትም ከማር የመጣ። የዴሜተር አገልጋይ ካህናት ሴቶች ንቦች ይባሉ ነበር። ቀላል፣ ደስ የሚልና በየትኛውም ቋንቋ የማይዛባ ስም ነው። ዳፍኒ «ሎረል» የተባለው ዘወትር አረንጓዴ ዛፍ ነው፤ በዴልፊ ውድድር ያሸነፈ የሚቀዳጀው የእርሱ ቅጠል ነበር። ታሪኩ ግን አፖሎ የተባለው አምላክ ሲያሳድዳት ለመዳን ወደ ዛፍነት የተለወጠችው ልጅ ታሪክ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ይህን እንደ ነጻነት ፍቅር ያየዋል፤ ሌላው ያዝንበታል። ማርጋሬት «ዕንቁ» ማለት ነው፤ ቃሉን ግሪኮች ራሳቸው ከምሥራቅ የተዋሱት ቢሆንም ትርጉሙ አያከራክርም።

ፌቤን እዚህ ብትገባ ያስኬዳል፤ «ብሩህ፣ አንጸባራቂ» ማለት ነው። በሮሜ 16፥1 የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆና ትጠቀሳለች። መጨረሻው ላይ ያለው «ን» የሚገርም ነገር ይዟል፤ በግሪክኛው ዓረፍተ ነገር ስሙ ተሳቢ ስለሆነ ፎይቤን ተብሎ ነው የተጻፈው፤ ባለቤት ሲሆን ግን ፎይቤ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ፌቤን የተስማማ ስለሆነ በዚሁ መልክ መያዙ ምንም ክፋት የለውም።

ትርጉማቸው የሚያከራክር

ሄለን ወይም እሌኒ። «ብርሃን»፣ «ችቦ»፣ «ጨረቃ» እየተባለ ይተረጎማል። ሄሌኔ የሚል ቃል በግሪክኛ አለ፤ ችቦን ወይም ከሸምበቆ የተሠራ ቅርጫትን ይገልጻል። ስሙ ከዚያ መምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ከሴሌኔ፣ ማለትም ከጨረቃ ጋር ማያያዙ ደግሞ የበለጠ ደካማ ነው፤ በስፓርታ አካባቢ በተገኙ ጥንታዊ ጽሑፎች ስሙ የሚጀምረው በ«ወ» ድምፅ ነው፤ ዌሌና ሆኖ። ሴሌኔ «ወ» ኖሯት አታውቅም። «ግሪካዊት» ማለት ነው የሚለውም ስሕተት ነው፤ ሔለናዊ የሚለው ቃል ሁለት «ለ» ሲኖረው ስሙ አንድ ብቻ አለው፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው።

ታሪኩ ግን እጅግ ባለጸጋ ነው። በአንድ በኩል የትሮይ ጦርነት የተነሣባት ሄለን፣ በሌላ በኩል የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ አለች። ወላጅ መልኩን በመምረጥ ታሪኩንም መምረጥ ይችላል፤ ሄለን ሲባል አንዷ፣ እሌኒ ሲባል ሌላዋ ትታሰባለችና። እሌኒ የሚለው መልክ መጨረሻው «ኒ» በመሆኑ ከኋለኛው ዘመን ግሪክኛ አጠራር ጋር ይገጥማል። ሄለን በሀ፣ በሐ፣ በኀ ስለሚጻፍ ከእነዚህ አንዱን ከመጀመሪያው መወሰን የግድ ነው።

ካትሪን። የጥንቱ መልኩ አይካቴሪኔ ነው። ካታሮስ ከሚለው «ንጹሕ» ከሚል ቃል ጋር የተያያዘው በኋላ ነው፤ ላቲን ጸሐፊዎች በዚህ ግምት ተመርተው አጻጻፉን ወደ ካታሪና ለወጡት። መጀመሪያ ላይ የነበረው አናባቢም በዚሁ ቀረ። ሩስያኛ ግን ኤካቴሪና ብሎ አናባቢውን እስከ ዛሬ ይዞታል። «ከሁለቱ እያንዳንዳቸው» ከሚል ቃል ነው የሚሉም አሉ። በአጭሩ፣ ካትሪንን ለትርጉሙ ብሎ መምረጥ አያዋጣም፤ ለታሪኩና ለድምፁ ግን ያዋጣል። በደብረ ሲና ያለው ገዳም የሚጠራው በእስክንድርያዋ ሰማዕት ካትሪን ስም ነው፤ ካቲ፣ ካትያ፣ ካሪን፣ ኪቲ የሚሉ ቁልምጫዎችም አሉት።

ፔኔሎፒ። ፔኔ «ማግ» ነው፤ ሸማኔ በድር መካከል የሚያሳልፈው ክር። ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየፈታች ባሏን የጠበቀችው ሴት ስም ስለሆነ ትርጉሙና ታሪኩ ይገጥማሉ። ሆኖም ፔኔሎፕስ የሚባል የዳክዬ ዓይነት ስላለ ከእርሱ ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። የሚያከራክር ቢሆንም ሁለቱም ግምቶች የማያሳፍሩ ስለሆኑ ከካትሪን ይልቅ እዚህ መረጋጋት ይቻላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ያለውን ሆሄ ሳያነቡ ፔኔሎፕ የሚሉ ስለሚኖሩ በአማርኛ «ፒ» ብሎ መጨረስ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚሹና ግሪክኛ ያልሆኑ

ባርባራ «ባዕድ ሴት» ማለት ነው፤ ግሪኮች ንግግሩ «ባር ባር» እያለ የሚሰማቸውን ሰው ሁሉ ባርባሮስ ይሉት ነበር። ትርጉሙ እርግጠኛ ነው፤ ለትርጉም ብሎ የሚመርጠው ግን አይኖርም። ልድያ «የልድያ አገር ሴት» ማለት ነው፤ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራብ የነበረ መንግሥት ነው። በሐዋርያት ሥራ 16፥14 የምትገኘው ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ስትሆን ከዚያው አካባቢ ከትያጥሮን የመጣች ናት። ትርጉሙ ተራ ቢሆንም ታሪኩ ያማረ ስለሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ሜዲያ፣ ካሳንድራና ፓንዶራ የከበዱ ታሪኮች ናቸው፤ ትርጉማቸው ምንም ቢሆን ልጅ ላይ አንጣላቸው።

በዝርዝሮች ውስጥ የግሪክ ተብለው ከሚገኙት ማሪና፣ ዲያና፣ ስቴላና ክላራ የላቲን ናቸው፤ ማርያም፣ ሐናና ኤልሳቤጥ የዕብራይስጥ ናቸው። ቫኔሳን በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ አየርላንዳዊ ጸሐፊ ከአንዲት ሴት ስምና የአባት ስም ቆርጦ ፈጠረው፤ «ቢራቢሮ» የሚለው የመጣው ከዘመናት በኋላ አንድ የቢራቢሮ ወገን በዚሁ ስም ስለተጠራ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ስም | ትርጉም | እርግጠኝነት | ታሪክ | መጠንቀቅ የሚገባው |
|---|---|---|---|---|
| ሶፍያ | ጥበብ | ፍጹም | መልካም | በጣም የተለመደ፤ ከሰፊያ ጋር ይምታታል |
| ኢሪኒ / አይሪን | ሰላም | ፍጹም | ጠንካራ | የአጠራር መልኩ ይበዛል |
| ዞኢ | ሕይወት | ፍጹም | የሔዋን ስም ትርጉም | ዞይ ከተባለ ያጥራል |
| አናስታሲያ | ትንሣኤ | ፍጹም | መንፈሳዊ | ረጅም ነው |
| አግነስ | ንጽሕት | ፍጹም | ሰማዕት | ከ«በግ» ጋር ይያያዛል |
| ቴዎዶራ | የእግዚአብሔር ስጦታ | ፍጹም | ንግሥት | ብዙም አይሰማም |
| አሌክሳንድራ | ሰዎችን የምትጠብቅ | ፍጹም | እጅግ ጥንታዊ | አሌክሳ ብሎ ማሳጠር |
| ኤውንቄ | መልካም ድል | ፍጹም | የጢሞቴዎስ እናት | ለውጭ ሰው አዲስ ነው |
| በርኒቄ | ድል አምጪ | ፍጹም | የተደባለቀ | የአግሪጳ እኅት |
| ፌቤን | ብሩህ | ፍጹም | መልካም | አራት መልክ አለው |
| ሜሊሳ | ንብ | ፍጹም | ቀላል | የለም |
| ዳፍኒ | ሎረል ዛፍ | ፍጹም | አሳዛኝ | ታሪኩ |
| ፔኔሎፒ | ማግ ወይም ዳክዬ | ሁለት ግምት | ታማኝነት | የመጨረሻው «ፒ» |
| ሄለን / እሌኒ | ያልተወሰነ | ደካማ | ባለጸጋ | የሀ፣ ሐ፣ ኀ አጻጻፍ |
| ካትሪን | ያልተወሰነ | ደካማ | ባለጸጋ | «ንጽሕት» የኋላ ነው |

ለየፍላጎቱ

ዋናው ነገር ትርጉም ለሆነለት ወላጅ ምርጫው ሶፍያ፣ ዞኢ፣ ኢሪኒ ወይም አናስታሲያ ነው። ከእነዚህ መካከል እንድንመርጥ ብንጠየቅ ኢሪኒን እናስቀድማለን፤ ትርጉሙ ጥርት ያለ፣ ሥዕሉ ያማረ፣ እንደ ሶፍያም ያልተለመደ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳዊ የግሪክ ስም ለሚፈልግ፣ በተለይም በአማርኛው መልክ፣ ኤውንቄ፣ ልድያና ፌቤን ይቅደሙ። ዶርቃም አለች፤ ሐዋርያት ሥራ 9፥36 ራሱ የጣቢታን ስም ትርጓሜ አድርጎ ይሰጣታል፤ በግሪክኛ ሚዳቋ ማለት ነው። ቤተሰቧ በብዙ አገር የተበተነ ወይም ልጅቷ በውጭ ቋንቋ የምትማር ከሆነ ሜሊሳ፣ ሶፍያና አሌክሳንድራ በማንም አንደበት አይሰበሩም። ከቤተሰብ የወንድ ስም ጋር ማዛመድ ለሚፈልግ ቴዎድሮስ ለቴዎዶራ፣ እስክንድር ለአሌክሳንድራ፣ አናስታስዮስ ለአናስታሲያ ይሆናሉ። ለድምፅና ለታሪክ የሚመርጥ ሰው እሌኒንና ካትሪንን ያለ ስጋት ይውሰድ፤ ትርጉማቸውን ሲጠየቅ ግን «አከራካሪ ነው» ብሎ ይመልስ።

ከመወሰን በፊት የሚሠሩ ነገሮች

ስሙ ከተመረጠ በኋላ ትርጉሙን ለማረጋገጥ ቀላሉ መንገድ ቃሉን በግሪክኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ነው። ያው ቃል በዚያው ትርጉም ከተገኘ ጉዳዩ አልቋል። ካልተገኘ ስሙን ለሁለት መክፈል ነው፦ ኤው (መልካም)፣ ካሊ (ውብ)፣ ቴዎ (እግዚአብሔር)፣ ዶር (ስጦታ)፣ ኒኬ (ድል)፣ ፊል (ወዳጅ)፣ ክሪስ (ወርቅ)፣ አንት (አበባ)፣ አንድር (ወንድ)። በዚህ መንገድ ኤውጄኒያ «ከመልካም ዘር የተወለደች»፣ ክሪሳንቲ «የወርቅ አበባ»፣ ካሊዮፔ «ድምፀ መልካም» መሆኗን ማንም ሊፈታ ይችላል። ሁለቱም መንገድ ካልሠራ ስሙ ከአከራካሪዎቹ ወገን ነው።

ቀጥሎ ሙሉ ስሙን ከሚከተለው ስም ጋር ጮክ ብሎ አሥር ጊዜ መጥራት ነው። በ«ያ» የሚያልቅ ስም በ«አ» ወይም በ«ያ» በሚጀምር ስም ሲከተል ሁለቱ ይዋጣሉ፤ አናስታሲያ አለማየሁ ሲባል የቱ ላይ እንደሚቆም አይታወቅም። እንዲህ ከሆነ ቁልምጫውን መመልከት ወይም በተናባቢ የሚያልቅ መልክ፣ ለምሳሌ አይሪን፣ አግነስ ወይም ሄለን፣ መምረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም የፊደሉና የላቲኑ አጻጻፍ አንድ ላይ ይወሰን። ሶፍያን በኤፍ ነው ወይስ በፒ ኤች? ካትሪንን በሲ ነው ወይስ በኬ? ውሳኔው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ የልደት ምዝገባ ላይ ይሰጥ፤ ለመዝጋቢው በቃል ብቻ መናገር አይበቃም፤ የሰማውን እንደመሰለው ይጽፋልና። ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ሆሄያቱን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል፤ በኋላ የክትባት ካርዱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡና ፓስፖርቱ ሁሉ የሚገለበጡት ከዚህ የመጀመሪያ ወረቀት ነው።